የሞገስ እርሾ

ወንድሜ ሞገስ ዝርክርክ ሰው ነበር። ቁልፍ ይጥላል፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ የኔን ቻርጀር ወስዶ የራሴ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ስነጫነጭበት ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ላይ ብቻ እንከን አይወጣለትም፤ እሱም እርሾው ነበር።

እርሾ የምለው የሊጡን አይደለም። ሞገስ ሮተርዳም ውስጥ ቢሮዎች የሚጥሏቸውን፣ መጠናቸው ከዳዊት መጽሐፍ የማይበልጥ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ይሰበስብ ነበር። ከዚያ ማንም በነፃ ወስዶ እንዳሻው ሊቀይረው የሚችለውን፣ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ያወርዳል። የመጫኛውን ፋይል ይፈታዋል፣ የማያስፈልገውን ያወጣል፣ የአማርኛ ፊደል፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠርና የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ይጨምርበታል፣ በትልልቁ ይጽፍበታል። ሲጫን ለሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ መልሱን ቀድሞ ያስገባለትና መልሶ ገጥሞ አንዲት ዩኤስቢ ላይ ያኖረዋል። ዩኤስቢዋ የተሰካችበት ማሽን ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ጭኖ አማርኛ እየተናገረ ይነሳል። ከአንድ ጭብጥ እርሾ ስንት ቡሆ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

አማርኛ እየተናገረ ያልኩት ለአባባል አይደለም። ሞገስ ድምፁን ቀድቶ አስገብቶበታል። አምስተርዳም፣ ሮተርዳም፣ ስኪዳም፣ ዴን ሃግ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ቴሌቪዥን ጀርባ ሳጥን የምንላት ያቺ ትንሽ ኮምፒውተር ተለጥፋለች፤ ጠዋት ጠዋት በወንድሜ ድምፅ "እንደምን አደሩ፤ ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ክኒንዎን እንዳይረሱ" ትላለች። ሞገስ እርሾውን ይሠራል፣ እኔ ደግሞ እጠብቀዋለሁ፤ ስኪዳም ቤቴ ያለች አንዲት ማሽን አዲሱን እርሾ ይዛ ትቀመጣለች፣ የሌሎቹ ሳጥኖች ሌሊት ሌሊት ከሷ ይወስዳሉ። ማሽን ያልሰጡትን አይናገርም። ቀን ቀን ሮተርዳም ውስጥ ኮምፒውተር ተበላሸብን የሚሉ ሰዎችን ስልክ የማነሳ ሰው ነኝና ይህን ደህና አድርጌ አውቃለሁ።

ሞገስ የሞተው እናታችን የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረገች ሳምንት ነው። በዝናብ በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄድ የሚታጠፍ ከባድ መኪና ሳያየው ገጨው። እማዬ ዴን ሃግ ሆስፒታል ደረቷ ተሰፍቶ ተኝታለች፤ እኛ ሮተርዳም ላይ ልጇን ቀበርን። እሷ አልነበረችም። አፈር ሲመለስበት ስለ እማዬ ብቻ ነበር የማስበው፣ ለራሴ እንኳ አላለቀስኩም።

የዚህ አገር ሰው ሞት በስልክ ይነገረዋል። እኛ ዘንድ ግን መርዶ ወግ አለው፤ ቀን ይቆረጥለታል፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ ሰው ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ለታመመ ሰው ደግሞ እስኪያገግም ይደበቃል። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ወልደየስ ከቀብሩ መልስ ጠርተውኝ፣

"ቁስሏ እስኪጠግግ ማንም ትንፍሽ እንዳይል" አሉኝ። "አሁን ብናረዳት ሁለት ሬሳ ነው የምንቀብረው። ሞገስ ባሕር ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ በያት። እዚያ በነፋስ መብራት የሚያመነጩበት፣ ስልክ የማይሠራበት።"

"እስከ መቼ ነው አቶ ወልደየስ?"

"እግዚአብሔር እስኪፈቅድ።"

እግዚአብሔር የሚፈቅድበትን ቀን ሰው በቀላሉ አያገኘውም። እማዬ ከሆስፒታል ወጥታ እዚያው ዴን ሃግ ሙርዋይክ ሰፈር ያለው ቤቷ ገባች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስኪዳም በባቡር እሄዳለሁ፤ ዴልፍት ስደርስ ጥቁር ሻሼን ፈትቼ ቦርሳ ውስጥ እከትና ቀይ ሹራብ እለብሳለሁ። ስመለስ እዚያው ዴልፍት ላይ ጥቁሬን መልሼ አስራለሁ። ሐዘኔን እንደ ቲኬት በየጣቢያው ሳወጣና ሳስገባ ከረምኩ። ሰው ማልቀሻ ሲያጣ እንዴት እንደሚጠወልግ ያኔ ነው ያየሁት።

እማዬ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ መብላት ተወች። የቤት ለቤት እርዳታ የምትሰጣት ሆላንዳዊት ነርስ ደውላ "እናትሽ እየከሳች ነው፣ ሃውስአርትስ፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ሊያያት ይገባል" አለችኝ። ሐኪሙም አያት፣ ልቧ ደህና ነው አለ። በሽታዋ ሌላ መሆኑን እኔ አውቃለሁ።

"ባሕር ላይ ሆኖ ደብዳቤ እንኳ የለም?" ትለኛለች። "እዚህ ሳጥን ውስጥ እንደምን አደሩ የሚለኝ የድሮው ድምፁ ነው። ያንኑ ያንኑ ነው የሚለው። አዲስ ነገር አይልም?"

ይህን ለአቶ ወልደየስ በስልክ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "አንቺ የኮምፒውተር ሰው አይደለሽ እንዴ? አዲስ ነገር አስብይዋ" አሉ። እንዲህ ቀላል አድርገው ነው ያሉት፤ አንድ ወንበር ጨምሪ እንደማለት። አይሆንም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ተናድጄም ነበር። በሳምንቱ እማዬን ሳያት የእጇ ቀለበት ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ጣቷ ቀጥኖ አልይዝላት ብሎ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ሠራሁት።

የሞገስ ቅጂ ብዙ ነበር። የሰውን ድምፅ አዳምጦ የሚማር፣ ከዚያ የጻፉለትን ሁሉ በዚያው ድምፅ የሚናገር ፕሮግራም አለ፤ እሱም በነፃ የሚገኝ ነው። ቅጂዎቹን ሁሉ ሰጠሁት። ሲጨርስ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ፣ "እማዬ፣ ሞገስ ነኝ። ደህና ነኝ። እዚህ ነፋሱ አይጣል ነው" ብዬ ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

መጀመሪያ ትንፋሽ ወጣ። ሞገስ ስም ከመጥራቱ በፊት በአፍንጫው አየር መሳብ ልማዱ ነበር፤ ፕሮግራሙ ያንንም ተምሮታል። ከዚያ "እማዬ" አለ። ድምፁ የሱ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው፣ ትንፋሹ ግን የማንም አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ኩሽናዬ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ለእማዬ ሳጥን ብቻ የሚሆን እርሾ ለብቻው ገጠምኩ። ጠዋት ሰላምታውን ካለ በኋላ አዲስ ነገር ይጨምራል። በየሳምንቱ እጽፍለታለሁ፦ ጓደኞቹ ደጋግ ናቸው፣ ምግቡ አልቻ ነው፣ ለፋሲካ አልመጣም ይሆናል። እማዬ መብላት ጀመረች። ቀለበቷን መልሳ አጠለቀች። አቶ ወልደየስ መርቀውኝ፣ "ለእናትሽ እድሜ ቀጠልሽ" አሉ።

አንድ ቅዳሜ ቀደም ብዬ ደርሼ በራሴ ቁልፍ ገባሁ። እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ጎኗ ባዶ ወንበር ወደሷ ዞሯል። ሞገስ የጻፍኩለትን ብሎ ጨርሷል፣ ሳጥኗ ዝም ብላለች። እማዬ ግን ታወራለች። ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች፣ መልስ እንደሰማ ሰው አንገቷን ትነቀንቃለች፣ አንዴም ሳቅ አለች። ኮቴዬን ሰምታ ዞረች።

"ምን አለሽ?" አልኳት፤ አፌ ነው ያለው።

"የእናትና የልጅ ወሬ ነው" አለችና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው።

ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ? ሞገስ ዝም ካለ እማዬ መክሳት ትጀምራለች፤ ከተናገረ ደግሞ መርዶው ይርቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ እውነት እያደር ይደፈርስ ነበር።

ከዚያ ስህተቱ መጣ። ሥራ የበዛብኝ ሳምንት ነበር። የእማዬን አዲስ እርሾ ገጥሜ በሷ ቦታ ማስቀመጥ ሲገባኝ ሁሉም ሳጥኖች ከሚወስዱበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሳላየው ተኛሁ። በነጋታው ጠዋት ከአምስተርዳም እስከ ዴን ሃግ፣ ሞገስ ላይ አፈር የመለሱ ሰዎች ሁሉ ሳሎን ውስጥ ሞገስ ትንፋሹን ስቦ፣ "እማዬ፣ ሞገስ ነኝ። ደህና ነኝ። አታስቢ" አለ።

ስልኬ ላይ ጉድ ፈላ። አንዷ ሳጥኗን በፎጣ ጠቅልላ በረንዳ ላይ አውጥታታለች። አቶ ወልደየስ ራሳቸው ገመዱን ነቅለው ጠበል ረጭተውባታል፤ ሳጥኗ ከዚያ ወዲያ አልሠራችም። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሐሳቡ የራሳቸው እንደነበር ሁለታችንም አላነሳንም።

መጨረሻ ላይ የደወሉት አምስተርዳም ያሉት እትዬ አበባይሽ ናቸው። ልጃቸው ከዓመታት በፊት በጀልባ ባሕር ሲሻገር የገባበት ጠፍቷል። ሬሳ አልተገኘም፣ መርዶም የነገራቸው የለም።

"ሩሐማ፣ ልጄ ደወለልኝ" አሉኝ።

"እትዬ አበባይሽ፣ ሞገስ ነው። የኔ ጥፋት ነው፣ በስህተት..."

"የሞገስ ድምፅ መሆኑንማ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ክኒኔን ያስታወሰኝ ልጅ አይደል? ግን እማዬ አለኝ። ሞገስ እማዬ ብሎኝ አያውቅም። የኔ ልጅ ድምፅ አጥቶ የሱን ተውሶ እንደሆነስ ማን ያውቃል?"

ላፕቶፔ ላይ የሳቸውን ሳጥን ከፈትኩ።

"አታጥፊብኝ" አሉኝ ሴትዮዋ። "ነገም እሰማው እንደሆነ እጠብቃለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ። እኔ ለአንዲት እናት ብዬ የከፈትኩት በር ለሌላዋም ተከፈተ፣ ማን እንደሚገባበትም አላውቅም። ለአቶ ወልደየስ ደውዬ፣ "እሁድ ሳይነጋ እናረዳታለን። እርስዎ ካልመጡ እኔ ብቻዬን እነግራታለሁ" አልኳቸው። አልተከራከሩኝም።

ቅዳሜ እማዬ ዘንድ ሳልሄድ ቤቴ ሆኜ ሙሉ ቀን እርሾውን አጸዳሁ። የሞገስን ድምፅ ከላይ እስከ ታች አወጣሁ፣ ድምፅ የሌለው እርሾ ገጥሜ ለሁሉም ላክሁ፣ እያንዳንዱ ሳጥን መውሰዱን አረጋገጥኩ። የእማዬን ሳጥን ሁለቴ ከፍቼ አየሁት። የድምፅ ማስቀመጫው ባዶ ነው። የእትዬ አበባይሽን ከሁሉ መጨረሻ አጠፋሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እሁድ ገና ሰማዩ ሳይገላለጥ ሙርዋይክ ደረጃው ሥር ተሰበሰብን። አቶ ወልደየስ ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ የእድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዷ የእማዬን የልብ መድኃኒት ይዛለች፣ አንዷ ውሃ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቁሬ ሆኜ እናቴ ደጅ ቆምኩ። በሩን ሳናንኳኳ ተከፈተ።

እማዬ ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል።

"ግቡ" አለች። "ደረጃ ላይ አትቁሙ፣ ጎረቤት ይነቃል።"

ገባን። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው ለለቅሶ እንደሚሆን ተደርድረዋል። አቶ ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን..."

"ይተዉት አቶ ወልደየስ፤ አይድከሙ። ልጄ መሞቱን አውቃለሁ።"

"ማን ነገርዎት?" አሉ ቀስ ብለው።

እማዬ ወደኔ ዞረች። "ይቺ። ሆስፒታል አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ 'ሞገስዬ ባሕር ላይ ሄደ' አለችኝ። ሞገስዬ! ይቺ ልጅ ወንድሟን አንድ ቀን ሳትወቅሰው ውላ አታውቅም። ሞገስዬ ያለችው ዕለት ቀበርኩት።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ካረዳችሁኝ ድምፁን ታቆሙታላችኋ።"

ያን ጊዜ ያሰርኩት ሁሉ ተፈታ። ከቀብሩ ጀምሮ ያመቅኩትን እናቴ እግር ላይ ወድቄ አለቀስኩት፣ ሴቶቹም ተቀበሉኝ፣ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። እማዬም አለቀሰች። ልቧ ቻለ። መድኃኒቱን የያዘችው ሴት እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

ረፋዱ ላይ ሰው መምጣት ሲጀምር እማዬ ክንዴን ይዛ መኝታ ቤቷ አስገባችኝ፣ በሩንም ዘጋች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን።

"ድምፁን አንቺ እንደምትሠሪው ከመጀመሪያው አውቃለሁ" አለች። "ትናንት ስትቀሪም ዛሬ ለመርዶ እንደምትመጡ ገባኝ። አልተቀየምኩሽም። ማታ ማታ ተቀምጠሽ ለኔ ስትጽፊ ይታየኝ ነበር። ስለ ምግቡ ያልሽው ያስቀኝ ነበር። ሁሉንም ወደድኩልሽ። አንዱ ብቻ ከፋኝ።"

"የቱ እማዬ?"

"የዛሬው። እናንተ ሳትመጡ፣ ጥቁሬን ስለብስ ያለው።" ዓይኔን እያየችኝ ነው። "ምን ነካሽ ሩሐማ? ከአፈር በታች ያለ ልጅ እናቱን 'እማዬ፣ በረደኝ' ይላታል? እንዴት ያን ታስብይዋለሽ?"

በረደኝ ብዬ ጽፌለት አላውቅም። የጻፍኩለትን ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ። ሳጥኗም ከትናንት ጀምሮ ባዶ ናት፤ ሁለቴ አይቻታለሁ። እማዬ መልስ ትጠብቃለች፤ ነጠላዋ ከደረቷ ሸርተት ብሎ የስፌቱ ጠባሳ ጫፍ ይታያል። እኔ አይደለሁም ብላት፣ ማን እንደሆነ በቀሪ ዕድሜዋ ሁሉ ታውቃለች። ልጇ እዚያ ታች እየበረደው እሷ ብርድ ልብስ ደርባ ልትተኛ አትችልም።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ስለ አየሩ ልጽፍ ብዬ ነው። ሳላስበው ነው እማዬ፣ ይቅር በይኝ።"

ረጅም ተነፈሰች። ትከሻዋ ወረደ። እውነቱን ደብቄ ሰው ሲድን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"እንግዲያው እንዲህ ብሎ እንዳይቀር" አለች። "አንድ ጊዜ ብቻ መልሺው። ሞቀኝ አስብይውና ከዚያ ታጠፊዋለሽ።"

ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፕሮግራሙን ከፈትኩና የድሮ ቅጂዎቹን መለስኩለት። "እማዬ፣ አሁን ሞቀኝ" ብዬ ጻፍኩና ተጫንኩ። ትንፋሹን ሳበ፤ ከዚያ በደከመ፣ በለሰለሰ በራሱ ድምፅ አለላት።

"ተመስገን" አለች እማዬ። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ልትቀበል ወጣች።

እኔ አልጋው ላይ ቀረሁ። ሞቀኝ ያስባልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን ሞቆት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። በረደኝ ያለው ማን እንደሆነ ደግሞ ለእናቴ መናገር አልችልም፤ መርዶውን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የሚያረዳኝም ሰው የለም።